የባንጋሎሩ የድንጋይ በሬና የኦይታ ቡሬ

ደራሽ ውሃ መጀመሪያ ወደ ዓይን አይመጣም፤ ወደ ጆሮ ነው የሚመጣው። ያን ቀን እኔ የሰማሁት ድምፅ ግን ጎርፍ አልመሰለኝም። ከባድ መኪና በሩቅ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ነበር። እንዲያውም ሾፌራችን መስሎኝ «ጋሽ ደምሴ መጣልን!» ብዬ በደስታ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ያን ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ምሕረት እባላለሁ። ወላጆቼ የአሪ ሰዎች ናቸው፤ የተወለድኩትም ጂንካ ነው። ያደግኩት ግን አልዱባ ነው። አባቴ ወንጌላዊ ስለሆነ፣ እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ ወደ በና ሕዝብ አገር ላከው። ወደ ጂንካ የተመለስነው እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ አሪኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደግሞ የበናን ቋንቋ እያወራሁ አደግኩ። እንግሊዝኛ ሲጨመርበት ማስተርጎም እንጀራዬ ሆነ። ለጥናት የሚመጣ ባለሙያ ሲናገር ወደ በና፣ ሽማግሌው ሲመልስ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳወራ እውልና ማታ ቤቴ ስገባ፣ ካወራሁት ሁሉ አንዱም የራሴ እንዳልነበረ ትዝ ይለኛል። በዚያ ላይ ሐዋሳ የቢሮ ሥራ አግኝቼ ልሄድ እየተሰናዳሁ ነበር። ደቡብ ኦሞ በቅቶኛል ብዬ ደምድሜያለሁ።

የመጨረሻዬ ይሆናል ያልኩትን ሥራ የሠራሁት ከሚስተር ራጋቭ ጋር ነው። ከህንድ አገር፣ ባንጋሎር ከሚባል ከተማ የመጡ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ናቸው፤ ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው። ሥጋ በአፋቸው አይዞርም። ሁልጊዜ የጾም ምግብ ስለሚያዝዙ የጂንካ አስተናጋጆች «ጾመኛው ህንድ» ይሏቸው ነበር። በፋሲካ ማግሥት እንኳ በያይነቱ ሲጠይቁ፣ አንዷ አስተናጋጅ «አባቴ፣ ኧረ ጾሙ ተፈቷል!» ብላ ስትማጸናቸው እኔው ነኝ ያስተረጎምኩት።

ወቅቱ በልግ ነበር። ጠዋት ከአልዱባ ተነስተን የጉድጓድ ቦታ ልናይ ስንሄድ፣ መንገዳችን አንድ ሰፊ አሸዋማ ወንዝ ያቋርጣል። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ጠብታ የለውም። መሃሉ ላይ ስንደርስ የመኪናችን የኋላ ጎማ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ። ብንቆፍር፣ ቅጠል ብንጎዘጉዝ፣ ብንገፋ፣ ይብሱኑ ሰጠመ። ሾፌራችን ጋሽ ደምሴ ላቡን ጠርጎ፣

«ምሕረትዬ፣ እኔ በእግሬ ተመልሼ የሚጎትት መኪና ወይም የሚገፋ ሰው ላምጣ። እናንተ ጥላ ፈልጋችሁ አረፍ በሉ፤» አለና ሄደ።

ከእኛ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። በሰሜን በኩል፣ በአሪ ተራራዎች ላይ ምን እየሆነ እንደነበር ግን ዛፎቹ ጋርደውን አላየንም።

መኪናዋ ጥላ ሥር አሸዋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ጉርምርምታውን ሰምቼ በደስታ በተነሳሁበት ቅጽበት ሌላ ድምፅ ጠራኝ። በወንዙ መሃል ትልቅ ሾላ ያለባት አንዲት ከፍ ያለች ደሴት መሰል መሬት ነበረች። እዚያ ጥላው ሥር አንድ ሰው ቆሞ ዱላውን እያወዛወዘ በበና ቋንቋ ይጮሃል።

«ወደ እኔ! ውሃ ነው! ወደ እኔ ሩጡ!»

የሚስተር ራጋቭን እጅ ይዤ ሮጥኩ። አሸዋው እግር ይይዛል፤ የሮጥን እየመሰለን የምንራመድ ነበርን። ሰውየው ወርዶ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ ወደ ላይ ሲጎትታቸው፣ ቡናማ ግድግዳ ግንድና ቅርንጫፍ እየገፋ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። መኪናችን መጀመሪያ ትንሽ የተነቀነቀች መሰለች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች፤ ተገለበጠች፤ ጠፋች። ውሃው ሾላው ያለበት መሬት ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ አለፈ። ወዲያ ማዶ ጎርፍ፣ ወዲህ ማዶ ጎርፍ ሆነ። እኛ መሃል ቀረን።

ከዚያ ነው ሰውየውን በደንብ ያየሁት። ሠላሳዎቹን የጨረሰ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲናገር ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ነው። ኦይታ እባላለሁ አለኝ፤ እኔም ስሜንና የአሪ ልጅ መሆኔን ነገርኩት። አጠገቡ አንድ ትልቅ በሬ ቆሟል፤ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ አንገቱ ላይ ደወል ያለው፣ አንዱ ቀንዱ በጥጃነቱ ወደ ፊት እንዲያድግ የተገራ። በእነሱ ቋንቋ ለዚያ መልክ ስም አለ፤ እኔ በእኛ አማርኛ ቡሬ እለዋለሁ። አልዱባ ስላደግኩ ይህ ተራ በሬ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አንድ ወንድ ከመንጋው መርጦ ለራሱ የሚያደርገው፣ ጓደኞቹ ሳይቀሩ ሰውየውን በመልኩ ስም የሚጠሩበት፣ የማይሸጥ፣ የማይታረድ በሬ ነው። ኦይታ ከከብት ሰፈር ወደ ቤቱ ሊወስደው መንገድ ላይ አረፍ ብሎ ነው ጎርፉ የደረሰበት።

«መቼ ይጎድላል?» አልኩት።

«ቶሎ የመጣ ቶሎ ይሄዳል፤» አለ። ነገር ግን ወደ ሰሜን ሲያይ ፊቱ አፉ ያለውን አልደገመም።

አልጎደለም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አዘነበለች፤ ውሃው ግን እየጨመረ ሄደ። በየመሃሉ «ቡ...ብ» የሚል ድምፅ እንሰማለን፤ የቆምንበት መሬት እየተቆረሰ ሲወድቅ ነው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ብጮህም ድምፄ ሰው ወዳለበት መንደር አይደርስም። ከሾላው ግንድ እስከ ውሃው ጫፍ ያለው ቦታ መጀመሪያ ግቢ ያህል ነበር፤ ቆይቶ የአንድ ጎጆ ወለል አከለ። በዚያች ላይ ሦስት ሰውና አንድ በሬ ነን። በሬው አንድ እርምጃ ሲራመድ እኛ ሁላችን ቦታ እንቀያየራለን። የበሬው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሞቀኛል። ታስረው የሚያውቁ ሰዎች ግድግዳው ሲጠብብን ይታየናል ይላሉ። የእኛ ግድግዳ በዓይናችን ፊት እየፈረሰ ነበር የሚጠብበን።

ሚስተር ራጋቭ ከኪሳቸው ከጂንካ ገበያ የገዙትን ኦቾሎኒ አወጡና አከፋፈሉን። በሬው አፍንጫውን ወደ እጃቸው ዘረጋ። ሽማግሌው ያላቸውን ሁሉ ከነቅርፊቱ በመዳፋቸው ይዘው አበሉት። ከዚያ ግንባሩን በጣታቸው ጫፍ ነኩና ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ግንባር አደረጉ። ኦይታ ይህን አየ።

«ይህ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ? ጠይቂው፤» አለኝ።

ጠየቅኳቸው። ሚስተር ራጋቭ የሾላው ሥር ላይ ተቀመጡ። «በምኖርበት ከተማ በኮረብታ ላይ የበሬ ቤተ መቅደስ አለ፤» ብለው ጀመሩ። «የእኛ የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ነው። ውስጡ የተቀመጠ ትልቅ የድንጋይ በሬ አለ። ያደግኩት በእሱ ጥላ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምላሴ ከበደኝ። የወንጌላዊ ልጅ ነኝ። የወርቅ ጥጃውን ታሪክ ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። አሁን ሞት በግራና በቀኝ ቆሞ፣ የበሬ አምልኮ በእኔ አፍ ሊነገር ነው። ግን የኦይታ ዓይን እየጠበቀኝ ነበር። ቃል በቃል አስተረጎምኩ።

ታሪኩ ይህ ነው። ያ ኮረብታ ጥንት የኦቾሎኒ ማሳ ነበር። ገበሬዎቹ ዘርተው ሊሰበስቡ ሲሉ ሰብሉ ተበልቶ ያገኙታል። አድፍጠው ሲጠብቁ ማንም የማያውቀው አንድ በሬ መጥቶ ይበላል። ከገበሬዎቹ አንዱ ተናዶ በዱላ መታው። በሬው አልሸሸም፤ አልተዋጋም። ባለበት እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። ቀርበው ሲያዩት ድንጋይ ሆኗል።

«ማን ነበር ባለቤቱ?» አለ ኦይታ በመሃል። «ባለቤት የሌለው በሬ የለም።»

አስተረጎምኩ። ሚስተር ራጋቭ ፈገግ አሉ። «የአምላክ ነበር። ሺቫ የምንለው አምላካችን የሚጋልበው በሬ ናንዲ ይባላል። በየቤተ መቅደሱ በር ፊቱን ወደ ጌታው አዙሮ ተቀምጦ ይጠብቃል።»

ኦይታ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን በዝግታ ነቀነቀ። «እንግዲያው አምላካቸውም የራሱ በሬ አለው፤» አለ። እንደ ቀልድ አልነበረም። ስለ አንድ የማያውቀው ጎረቤት ደህና ነገር እንደሰማ ሰው ነበር ያለው።

ታሪኩ ቀጠለ። ገበሬዎቹ ደነገጡ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ በዙሪያው ቤት ሠሩለት። ድንጋዩ ግን ማደግ ጀመረ። ጣሪያውን ሊነካ ሆነ። ተጨንቀው ቢጸልዩ፣ ባለ ሦስት ጣት የብረት ጦር ግንባሩ ላይ ትከሉ ተባሉ። ተከሉ፤ ማደጉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ገበሬዎቹ በየዓመቱ የኦቾሎኒያቸውን የመጀመሪያ ምርት መጀመሪያ ለበሬው ያመጣሉ። ኮረብታው ሥር ትልቅ የኦቾሎኒ ገበያ ይቆማል። ልጆች እጃቸው እስኪዝል ይፈለፍላሉ።

«ለምን ነበር የሚያድገው?» አልኩ። ይህን ጥያቄ ማንም እንዳላዘዘኝ ያወቅኩት ከጠየቅኩ በኋላ ነው።

«እናቴ ‹ቁጣው ነው የሚያድገው› ትል ነበር፤» አሉ። «የታሪክ ሰዎች ደግሞ ሌላ ይላሉ። ከተማችንን የቆረቆረው ገዥ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቤተ መቅደሱን አሠራ፤ በሬውን ድንጋይ ጠራቢዎች ከአንድ አለት ፈልፍለው አወጡት። ድንጋዩ በተፈጥሮው ግራጫ ነው፤ ሰዎች በየጊዜው ዘይትና ቅቤ እየቀቡት ነው ጥቁር የሆነው። እኔ የድንጋይ ሰው ነኝ፤ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ አውቃለሁ። የእናቴም ልጅ ነኝ፤ በሩ ላይ ስደርስ ጫማዬን አወልቃለሁ።» ወደ ውሃው አዩ። «ከበሬው እግር ሥር ወንዝ ይመነጫል ይባላል። በስሙ የሚጠራ ወንዝ አለን። ዛሬ የከተማው ቆሻሻ ይፈስበታል።»

«ይህኛው ከበሬ እግር አልመነጨም፤» አለ ኦይታ ጎርፉን በአገጩ እያሳየ። «ይህ ከአንቺ ዘመዶች ተራራ ነው የመጣው።»

ሦስታችንም ሳቅን። በዚያች የጎጆ ወለል በምታክል መሬት ላይ እየሳቅን ሳለ አንድ ትልቅ ክፋይ ከኋላችን ተገምሶ ወደቀ። የሾላው ሥሮች ራቁታቸውን ቀሩ። ዛፉ ትንሽ አዘመመ። ሳቁ አፋችን ላይ ደረቀ።

በሬው ደነበረ። ኦይታ አንገቱን አቅፎ መዝፈን ጀመረ። ዝቅ ባለ፣ ወፍራም ድምፅ፣ የየስንኙን መጨረሻ እየጎተተ። በሬው ቀስ በቀስ ረጋ። ሚስተር ራጋቭ «ምን እያለው ነው?» አሉኝ። ስንኝ በስንኝ ነገርኳቸው፤

«ቡሬው፣ ቡሬው፣ ደመና ጀርባህ ላይ የተኛ፣
ትልቁን ወንዝ በጥጃነትህ የዋኘህ፣
እናትህን ማዶ ትተህ እኔን ያገኘህ፣
ደወልህን ስሰማ ረሃቤን የምረሳ፣
ና፣ ቀንደ ሰፊው፣ ና፣ ቤታችን በዚህ ነው።»

ኦይታ ደጋግሞ ዘፈነው። እኔም ደጋግሜ ስላስተረጎምኩ ቃሉ ሁሉ ውስጤ ገባ። ልጅ ሆኜ አልዱባ እንዲህ ያሉ የከብት ዘፈኖችን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስዘፍን አባቴ ሰምቶ «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎኝ ነበር። አልመታኝም፤ አልጮኸብኝም። ያቺ አንዲት ቃል ግን በቅታኝ ከዚያ በኋላ ከመዝሙር ሌላ ዘፍኜ አላውቅም ነበር።

«እውነት ነው? ወንዝ ዋኝቷል?» አልኩት።

«ካንጋተን በኩል ካለ ወዳጄ ነው የተሰጠኝ። እዚያ የኦሞን ወንዝ ከእናቱ ጋር እየዋኘ ያደገ ነው።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ውሃ አላውቅም። እሱ ያውቃል። እዚህ ከቆየን ዛፉ ይዞን ይሄዳል። ሁለት ሰው ይጎትታል። ሦስት ከሆነ ግን ያሰጥሙታል።»

ማን ይቅር በሚለው ተከራከርን። ሚስተር ራጋቭ «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሕይወቴን ኖሬአለሁ፤ እናንተ ሂዱ፤» አሉ። ኦይታ ሲተረጎምለት ተቆጣ። «ሽማግሌ ትቼ ሄድኩ ብዬ ሰፈሬ እገባለሁ?» በሬው ያለ ኦይታ ደግሞ ውሃው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ የምቀረው እኔ ነኝ። ይህን ቀድሞ ያለው ማን እንደነበር አላስታውስም። ራሴ ሳልሆን አልቀርም።

«አድርሼው እመለሳለሁ፤» አለ ኦይታ። «አንቺ ከግንዱ አትራቂ።»

ከመግባታቸው በፊት ሚስተር ራጋቭ ወደ በሬው ጆሮ ተጠግተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ኦይታ ተገርሞ «ምን አለው?» አለኝ። ስጠይቃቸው፣ «በአገራችን ጭንቅ ያለበት ሰው ለድንጋዩ በሬ በጆሮው ይነግረዋል፤ እሱ ለጌታው ያደርሳል። ያሉትን ግን ለሌላ አይናገሩም፤» አሉኝ። ኦይታ ይህን ሰምቶ ሌላ አልጠየቀም። ሚስተር ራጋቭ ወደ እኔ ዞረው ከሚያውቋቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዷን መዘዙ፤ «አይዞሽ፤» አሉኝ።

ኦይታ በሬውን በዝማሬ ወደ ውሃው መራው፤ አንገቱ ላይ ያለውን ጠፍር ያዘ። ሽማግሌው ጭራውን በእጃቸው ጠምጥመው ያዙ። ውሃው ወዲያው ወሰዳቸው። የበሬው ቀንድና አፍንጫ ብቻ ይታያሉ፤ ከኋላው የሚስተር ራጋቭ ነጭ ፀጉር። መሃል ላይ አንድ ግንድ እየተሽከረከረ መጥቶ ኦይታን መታው። ጠፋ። ጮህኩ። ወጣ፤ ጠፍሩን አልለቀቀም። ከእኔ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ወደ ታች ሲታጠፍ፣ በሬው የፊት እግሩን መሬት ላይ ሲያሳርፍ አየሁ።

ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳያልቅ ፍርሃቴ መጣ። ኦይታ ለመነሳት ሞክሮ ወደቀ። እግሩ ተሰብሯል። እሱ ተመልሶ ሊመጣ አይችልም ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ብቻ መሆን ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አላውቅም ነበር። ሾላውን አቅፌ ቆሜያለሁ። ውሃው ጫማዬን ነካ። ዛፉ በየደቂቃው ውስጡ ሲሰነጠቅ በደረቴ ይሰማኛል። ጸሎት ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላ እጀምራለሁ። ሐዋሳ ያለው ቢሮ፣ ገዝቼ ያዘጋጀሁት ሻንጣ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ነገር መሰለኝ።

ማዶ ሳይ ሁለቱ ሰዎች ይንቀሳቀሳሉ። ኦይታ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ እያነከሰ፣ በሬውን ይዘው በወንዙ ዳር ወደ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ አልገባኝም። በሬው ከእኔ ከፍ ካለ ቦታ ውሃ ውስጥ ከገባ፣ ጎርፉ ራሱ ወደ እኔ ያመጣዋል። እያዩ፣ እየለኩ፣ እየወደቁ ሄዱ። ከዚያ ኦይታ የበሬውን ግንባር በግንባሩ ነካና ወደ ውሃው ገፋው። ሰውየው በምድር ላይ ከሁሉ የሚወደውን፣ ገና ከሞት የወጣ በሬውን፣ ዛሬ ላወቃት ሴት ወደ ጎርፍ መልሶ ሰደደ።

በሬው እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆመ። ወደ ጌታው ዞሮ አየ። ኦይታ ወደ እኔ እጁን ዘርግቶ፣ ከዚያ አፉን ደጋግሞ ያሳየኛል። በሬውን ጥሪው ማለቱ ነው።

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው መዝሙር ነበር፤ ስደነግጥ የሚመጣልኝ እሱ ነው። በሬው ጆሮውን አቀና፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። አልፈርድበትም፤ መዝሙሩን አያውቀውም። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ የኦይታን ዘፈን ጀመርኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። እንደገና ጀመርኩ። «ቡሬው፣ ቡሬው፣ ደመና ጀርባህ ላይ የተኛ...» ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተረጎምኩትን ነገር ራሴ ፈለግኩት። «ና፣ ቀንደ ሰፊው፣ ና፣ ቤታችን በዚህ ነው!» ቤታችን ያልኩት ሦስት ሰው የማታስቆም፣ ውሃ ውስጥ እየቀለጠች ያለች መሬት ነበረች። እንደ እውነት ግን ዘፈንኩት። ባልዘፍነው አይመጣማ።

ዓይኔን ስከፍት በሬው ውሃው ውስጥ ነበር።

ደወሉ አይሰማም፤ ቀንዱ ብቻ ይታየኛል፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ላይ። ጎርፉ እየገፋ ወደ ሾላው አመጣው። ሊያልፈኝ ሲል ቆሞ ለመርገጥ ታገለ፤ ተንገዳገደ፤ እርጥብ ግንባሩ ሆዴን ገጨኝ። ጠፍሩን ያዝኩ። አፌ ጆሮው አጠገብ ነበር። እኔም አንድ ነገር አልኩት። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያወቅኩት አምላክ አንድ ብቻ ነው። ግን ለበሬው ጆሮ ነው ያልኩት። ከዚያ ገባን።

ውሃው ውስጥ የነበረውን ብዙም አላስታውስም። አሸዋ የተቀላቀለበት ውሃ መዋጤን፣ የበሬው ትከሻ ከሥሬ እንደ ሞተር መምታቱን፣ ከኋላችን ሾላው ሲወድቅ የሰማሁትን ድምፅ አስታውሳለሁ። ከዚያ ብዙ እጆች ያዙኝ። ጋሽ ደምሴ ከአልዱባ ሰዎች ጋር ደርሶ ነበር፤ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንደ ሕፃን እያለቀሰ «ልጄ፣ ልጄ» ይለኛል። በሬው በጎኑ ተኝቶ ያቃስታል። ሚስተር ራጋቭ ሸሚዛቸውን አውልቀው አፍንጫውን ይጠርጉለታል። ኦይታ በደረቱ ተስቦ መጥቶ አንገቱን አቀፈው። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬው ተነስቶ ቆመ። ያኔ ነው ሁላችንም ያለቀስነው።

የኦይታ እግር ጂንካ ሆስፒታል ታሰረ። ሚስተር ራጋቭ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት እየሄዱ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። እኔ ባልኖርም ግድ የላቸውም፤ አንዱ በበና፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ስለ በሬ እንደሚያወሩ ማንም ያውቃል።

ከሁሉ የፈራሁት አባቴን ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቤተ መቅደሱን፣ መዝሙሩን፣ ዘፈኑን። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «እስቲ ዝፈኚው፤» አለኝ። እያፈርኩ ዘፈንኩት። ሲያልቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጨረሻውን ቆረጥሽው። እነሱ ይጎትቱታል፤ እንዲህ፤» ብሎ በዚያ በስብከት በሻከረ ድምፁ የመጨረሻውን ቃል ጎተተልኝ። አልዱባ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ሲሰማ ነበር ለካ። ደንግጬ ሳየው፣ «ማን እንዳሻገረሽ አንቺም እኔም እናውቃለን፤» አለ። «በምን እንዳሻገረሽ ግን አንከራከረው።»

ሐዋሳ አልሄድኩም። ዛሬ አልዱባ ውስጥ ልጆችን በራሳቸው ቋንቋ ፊደል አስተምራለሁ። ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ እምነትሽን ቀየርሽ?» ሊለኝ ይችላል። አልቀየርኩም። ዛሬም በየእሑዱ እዘምራለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ግን የሌላውን ሰው ቅዱስ ነገር በአፌ ከጠራሁት የእኔው የሚደፋብኝ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ሙሉ እንስራ ሳልንቀሳቀስ ተሸክሜው ነበር የኖርኩት። አልተደፋም። እናንተም እንዲህ የተሸከማችሁት ነገር ካለ፣ ጎርፍ እስኪመጣ አትጠብቁ እላለሁ። የሰው ዘፈን ሲዘፈን ጆሮ ስጡ፤ ቃሉን ያዙ። አንድ ቀን በራሳችሁ ድምፅ ልትፈልጉት ትችላላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝናቡ ቀረ። ከብት በየሜዳው ወደቀ። አንድ ጠዋት ኦይታ በሰው ስልክ ደወለልኝ። «ቡሬው፤» አለና ስልኩን ዘጋው።

በእግሬ ሄድኩ። ሰፈሩ ስደርስ ወንዶቹ ለሰው እንደሚደረገው ለሞተው ቡሬ ለቅሶ በዛፍ ሥር ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ከሩቅ መንደር የመጡም አሉ፤ አንዳንዶቹ የከተማ ልብስ የለበሰች ሴት ወደ ለቅሷቸው ስትገባ በጥያቄ ዓይን አዩኝ። አንድ ሽማግሌ «ይህች ደግሞ ማን ናት?» አለ።

ኦይታ ቀና ብሎ አየኝ። ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝና መለሰላቸው፤

«እህቱ ናት።»